ግቢው ይቀበላል፣ ሰፈሩ ያሳድራል

ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለ ሰፈር የትም አገር ቢሆን መልኩ አይጠፋም። ፎቶኮፒ ቤት ይበዛል። ምሰሶው ላይ «ክፍል ይከራያል» የሚል ወረቀት በሌላ «ክፍል ይከራያል» ላይ ተደርቦ ተለጥፏል። ካፌ ውስጥ ሶኬት አጠገብ ያለው ወንበር ሁሌም ተይዟል፤ ያውም በአንድ ስኒ ለግማሽ ቀን። ምግቡ ርካሽ ነው፣ ኪራዩ ግን አይደለም። ፈተና ሲደርስ ሰፈሩ ጭር ይላል፣ ሲያልቅ ደግሞ ጎረቤት እንቅልፍ ያጣል። ዕረፍት ሲመጣ ግማሹ ሱቅ ዝንብ ሲያባርር ይውላል።

ስለነዚህ ሰፈሮች ወሬ ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው ተማሪው ላይ ነው። ይጮኻል፣ ቆሻሻ በወጉ አይጥልም፣ ጎረቤቱን በስም አያውቅም። ሐሰት ነው አይባልም። ግን ነገሩ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። የሃያ ዓመት ልጅ የትም የሃያ ዓመት ልጅ ነው፤ ጠባዩም ከዘመን ዘመን ያን ያህል አልተለወጠም። የሚለዋወጠው አንድ መንገድ ላይ ስንቱ በአንድ ጊዜ እንደሚሰፍር ነው። ያንን የሚወስነው ደግሞ ተማሪው አይደለም። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ስንት ሰው እንደሚቀበል ይወስናል። ከተቀበላቸው ውስጥ ስንቱን ራሱ እንደሚያሳድርም ይወስናል። የሰፈሩ ጠባይ የሚወጣው ከነዚህ ሁለት ቁጥሮች ልዩነት ነው ባይ ነኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጠቡ የቆየ ነው

የመጀመሪያዎቹ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ዩኒቨርሲቲ ማለት ሰዎቹ ነበሩ። መምህሩም ተማሪውም ከከተማው ሰው ተከራይቶ ይኖራል፣ ተከራይቶ ይማራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጠብ የቤት ኪራይ ጠብ ነበር። ጣሊያን አገር ቦሎኛ ላይ ኪራይ የሚተምኑ ሰዎች ከተማሪውም ከከተማውም ወገን ይመረጡ ነበር። ኦክስፎርድ ደግሞ በ1209 ሁለት ሦስት ተማሪዎች በከተማው ሰዎች ተሰቀሉና መምህራንና ተማሪዎች ከተማዋን ጥለው ወጡ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ከነዚህ ከወጡት ሰዎች ነው። በ1214 ዕርቅ ሲወርድ፣ የሮማው ጳጳስ እንደራሴ በከተማው ላይ ግዴታ ጣለ። አንዱ ግዴታ የተማሪ ማደሪያ ኪራይ ለአሥር ዓመት በግማሽ እንዲቀንስ የሚል ነበር። የኪራይ ቁጥጥር የዛሬ ዘመን ፈሊጥ ለሚመስለው ሰው ይህን መንገር ደስ ይላል።

ዕርቁ ግን አልዘለቀም። በ1355 የካቲት ወር ሁለት የኦክስፎርድ ተማሪዎች መጠጥ ቤት ገብተው የቀረበላቸው ወይን አልጣፈጠንም አሉ። ከባለቤቱ ጋር ቃላት ተወራወሩ፣ ወይኑን ፊቱ ላይ ደፉበት። ከዚያ ደወል ተደወለ፣ ቀስትና ዱላ ወጣ። ብጥብጡ ቀናት ፈጅቶ ሲበርድ ከዩኒቨርሲቲው ወገን ወደ 63፣ ከከተማው ወገን ወደ 30 ሰው ሞቶ ነበር። ንጉሡ የፈረደው ለዩኒቨርሲቲው ነው። በከተማው የዳቦና የቢራ ገበያ ላይ የመቆጣጠር ሥልጣን ሳይቀር ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ከንቲባው በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ንስሐ እንዲገባና በሟቾቹ ቁጥር ልክ 63 ፔኒ እንዲከፍል ተፈረደበት። አንድ ከንቲባ በ1825 አልሄድም እስኪል ድረስ ክፍያው ቀጠለ። መደበኛው ዕርቅ የወረደው በ1955 ነው፤ ከጠቡ ስድስት መቶ ዓመት በኋላ።

ታሪኩን የማነሳው ለወይኑ አይደለም። ከጥንት ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ጎረቤት እንደ ሌላው ጎረቤት እንዳልሆነ ስለሚያሳይ ነው። ከበስተጀርባው ንጉሥ አለ፣ ጳጳስ አለ፣ ዛሬ ደግሞ መንግሥትና የገንዘብ ቋት አለ። ከንቲባ ይመጣል ይሄዳል፣ ዩኒቨርሲቲ ግን በቀላሉ አይነቀልም።

ሰፈሩ የሚተነፍሰው በትምህርት ካላንደር ነው

ቦስተንን እንይ። ኦልስተን የሚባለው ሰፈር ውስጥ አብዛኛው የኪራይ ውል የሚያልቀውና የሚጀምረው በአንድ ቀን ነው፤ ሴፕቴምበር 1። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ትምህርት የሚከፈተው በዚያ ሰሞን ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ሺዎች ይወጣሉ፣ ሺዎች ይገባሉ። የእግረኛ መንገዱ በሶፋ፣ በፍራሽ፣ በመጽሐፍ መደርደሪያና አንድ እግሩ በጎደለ ጠረጴዛ ይሞላል። ሰዉ ቀኑን «የኦልስተን ገና» ይለዋል፤ መንገድ ላይ ስጦታ የሚለቀምበት ቀን ነዋ። የሚለቅመው ግን ፍራሹን ገልበጥ አድርጎ ሳያይ አያነሳም፤ ትኋን አለ። በዚያው ሰሞን የተከራዩት የዕቃ መኪና ቁመት ያልገባቸው ልጆች ወንዙን ተከትሎ በሚሄደው ስቶሮው ድራይቭ ይገባሉ። ድልድዮቹ ዝቅተኛ ናቸው፣ ማስጠንቀቂያውም በትልቁ ተጽፏል። ቢሆንም በየዓመቱ የአንዱ መኪና ጣሪያ እንደ ሰርዲን ቆርቆሮ ይላጣል።

ይህ የሚያስቅ ነገር ነው። ከሥሩ ያለው ግን አያስቅም። የሰፈሩ ቤት በሙሉ በአንድ ቀን ሲገለባበጥ፣ በሌላ ወር ቤት የፈለገ ነርስ ወይም ሾፌር የሚያገኘው ትንሽ ነው። የሚያስማማው ከተማሪው ካላንደር ጋር ነው፣ አለዚያ ሰፈር ይቀይራል። ደላላውም ይህን ያውቃል። ቤቱን ካላንደሩ ያከራይለታል፣ ኮሚሽኑን እሱ ይቀበላል።

ሌላው ነገር ጊዜ ነው። ተማሪ ሦስት ወይም አራት ዓመት ቆይቶ ይሄዳል። አንድ ሰፈር የውሃ ቧንቧ ለማስቀየር፣ መብራት ለማስተከል፣ አንድ መንገድ ለማስጠገን ብዙ ጊዜ ከዚያ የበለጠ መከራከር ይፈልጋል። የተከራከረው ልጅ ውጤቱን ሳያይ ይመረቃል። ቀጣዩ ደግሞ ክርክር እንደነበረ አያውቅም። አከራዩ ግን እዚያው ነው፣ ዩኒቨርሲቲውም እዚያው ነው። በየስብሰባው የሚታዩት ሁለቱ ናቸው፣ ቁጥሩ የሚበዛው ወገን ግን የለም።

ወረርሽኙ በ2020 ይህን ወለል አድርጎ አሳየ። ግቢዎች በአንድ ሳምንት ተዘጉ፣ ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ወደ ወላጆቹ ተመለሰ። በአሜሪካ ጊዜው የሕዝብ ቆጠራ የሚካሄድበት ነበር፣ መቁጠሪያው ዕለትም ኤፕሪል 1። የቆጠራው መሥሪያ ቤት ተማሪው ቤተሰቡ ጋ ቢሆንም በሚማርበት ከተማ ይቆጠር አለ። ከተሞቹ እንዲህ እንዲሆን አጥብቀው ይፈልጉ ነበር፤ ለአሥር ዓመት የሚደርሳቸው የፌዴራል ገንዘብ ከቆጠራው ጋር የተያያዘ ነው። ሰውየው የለም፣ ቁጥሩ ግን ያስፈልጋል። በነዚህ ከተሞች ተማሪው ምን ዓይነት ነዋሪ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር አላየሁም።

ስድስት ኪስ ከአንድ ኪስ ጋር ሲጫረት

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ሦስት መኝታ ያለው፣ ለቤተሰብ የተሠራ ቤት ነው። አከራዩ ይገዛዋል። ሳሎኑ በቺፕውድ ይከፈልና አራተኛ መኝታ ይወጣዋል። የምግብ ክፍሉ አምስተኛ ይሆናል። ሰገነቱ ላይ መስኮት ይወጣና ስድስተኛ ይጨመራል። የፊቱ አትክልት ቦታ በሲሚንቶ ይለበጣል፤ አበባ የሚያጠጣ የለማ፣ ለቆሻሻ ማጠራቀሚያና ለብስክሌትም ቦታ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ መኝታ በር ላይ የራሱ ቁልፍ ይገጠማል። ማቀዝቀዣው ውስጥ እያንዳንዱ መደርደሪያ ባለቤት አለው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ቤተሰብ ኪራይ የሚከፍለው ከአንድ ወይም ከሁለት ደመወዝ ነው። ስድስቱ ተማሪዎች የሚከፍሉት ግን ከስድስት ወላጅ ወይም ከስድስት የትምህርት ብድር ነው። እያንዳንዱ የሚከፍለው ትንሽ ነው፣ ድምሩ ግን ቤተሰቡን ያስንቃል። ቤቱ ሲሸጥም የሚጫረቱት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዱ ልኖርበት ምን ያህል አቅም አለኝ ብሎ ያስባል። ሌላው በክፍል ሲባዛ ስንት ያስገባል ብሎ ያሰላል። ሁለተኛው ያሸንፋል። ማንም ክፉ መሆን አያስፈልገውም፣ ሰፈሩ በዚሁ ይለወጣል።

በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ ውስጥ ሄዲንግሊ የሚባለው ሰፈር ለዚህ ስመ ጥር ነው። እንዲህ ያለውን ለውጥ በስም ለይተው ማጥናት የጀመሩት የእንግሊዝ የጂኦግራፊ ምሁራን ናቸው፤ ከነሱ ውስጥ ዳረን ስሚዝ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጉዳዩን ቀዳሚ አድርጎ አነሳው። የሄዲንግሊ ጎዳናዎች አንድ በአንድ ከቤተሰብ ወደ ተማሪ ተላለፉ። የመጀመሪያው ቤት ሲለወጥ ማንም ልብ አይለውም። አሥረኛው ላይ ግራና ቀኝ ያለው ጎረቤት ሳይመሽብኝ ልሽጥ ይላል። ልሽጥ ሲል ደግሞ የሚመጣለት ገዢ ያው ባለ ክፍሉ አከራይ ነው። ልጅ ያላቸው ሲሄዱ ትምህርት ቤት ልጅ ያጣል። ሄዲንግሊ ውስጥ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጅ አጥሮት ተዘጋ። ሕንፃው ዛሬ የሰፈሩ የማኅበረሰብ ማዕከል ነው።

እዚህ ላይ የአገሪቱ ሕግ የራሱ ድርሻ አለው። በእንግሊዝ ሙሉ በሙሉ በተማሪዎች የተያዘ ቤት የከተማ ምክር ቤት ግብር አይከፍልም። ለተማሪው ትክክል ነው፣ ገቢ የለውማ። ግን ቆሻሻ የሚነሳው ከዚያው ሰፈር ነው፣ መንገዱም የሚጠገነው እዚያው ነው። በ2010 ደግሞ ከሦስት እስከ ስድስት የማይዛመዱ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት በፕላን ሕጉ ራሱን የቻለ ምድብ ተሰጠው። ምክር ቤቶችም አንድ ሰፈር ለይተው፣ እዚህ ውስጥ የቤተሰብን ቤት ወደዚህ ምድብ ለመለወጥ ፈቃድ ያስፈልጋል ማለት ቻሉ። ሊድስም ሌሎችም ተጠቀሙበት። ችግሩ ሕጉ የመጣው ጎዳናው ካለቀለት በኋላ መሆኑ ነው። ቀድሞ የተለወጠውን ቤት ወደ ኋላ አይመልስም። እንዲያውም ፈቃድ ያለው ቤት ብርቅ ስለሚሆን ዋጋው ይንራል።

ከዚያ ደግሞ ማንም ያልጠበቀው መጣ። ባለሀብቶች መሀል ከተማ ላይ ለተማሪ ብቻ የተሠሩ ረጃጅም ሕንፃዎች ማቆም ጀመሩ። የራሱ መታጠቢያ፣ የራሱ ኢንተርኔት፣ ምድር ቤቱ ላይ ጂም። ተማሪው ወደዚያ አዘነበለ፣ ሄዲንግሊ ያሉ አከራዮች ክፍል ባዶ መቅረት ጀመረባቸው። ቤተሰብ ይመለሳል ተብሎ ተጠበቀ። ስድስት ቦታ የተከፈለን ቤት መልሶ ሳሎን ያለው ቤት ማድረግ ግን ወጪ አለው፤ ትምህርት ቤቱም አንዴ ተዘግቷል። ስለ ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች የራሴን ልናገር። ሰፈሩን ከጫና ማዳናቸው እውነት ነው። ዋጋቸው ግን ብዙ ጊዜ ደኅና ወላጅ ላለው ልጅ ነው። ደሀው ተማሪ የሚቀረው በቺፕውዱ ቤት ነው።

የሱቁ ጠባይ

ክሱ ብቻ እንዳይሆን። ተማሪ የሚሰጠው ነገር አለ፣ ሌላ ሰፈር በገንዘብ የማይገዛው። ሕንድ አገር ኮልካታ ውስጥ ኮሌጅ ስትሪት የሚባለው መንገድ የዚህ ማሳያ ነው። በ1817 የተመሠረተው ሂንዱ ኮሌጅ (ዛሬ ፕሬዚደንሲ ዩኒቨርሲቲ) እና በ1857 የተቋቋመው የካልካታ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ናቸው። መንገዱ ግራና ቀኝ መጽሐፍ ነው፤ አዲስ፣ አሮጌ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ያለፈው ባለቤት በእርሳስ ያሰመረበት። ቶኪዮ ውስጥ ጂምቦቾ የሚባለው የአሮጌ መጻሕፍት ሰፈር የተወለደውም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ከተከፈቱ የሕግ ትምህርት ቤቶች ጎን ነው። ተመራቂ መጽሐፉን ይሸጣል፣ አዲስ ገቢ ይገዛዋል፤ መሀል ላይ ያለው ሰው ከዚሁ ዙር ሱቅ ይመሠርታል። ያ ሰፈሩን ሰላም የነሳው መውጣትና መግባት፣ ለመጽሐፍ ነጋዴው እንጀራ ነው።

ፎቶኮፒ ቤቱም እንዲሁ። ካይሮ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባይን አስ-ሰራያት የሚባለው ሰፈር ኑሮው ጥራዝ ነው። የመምህሩ ማስታወሻ፣ ያለፉ ዓመታት ጥያቄ፣ የአንድ ጎበዝ ተማሪ ደብተር ተባዝቶ ይሸጣል። ግቢ ውስጥ ትምህርቱ ይሰጣል፣ ሰፈር ውስጥ ትምህርቱ ይጠረዛል።

ይህ ንግድ አንዴ ከፍርድ ቤት ደርሷል። ዴልሂ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ የሚሠራ ራሜሽዋሪ የሚባል አንድ ትንሽ ፎቶኮፒ ቤት ነበር። ከመጻሕፍት ምዕራፍ እየተቆረጠ፣ መምህሩ ባዘዘው መሠረት ተጠርዞ ለተማሪ ይሸጣል። በ2012 የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤቶችና ቴይለር ኤንድ ፍራንሲስ ሱቁንና ዩኒቨርሲቲውን በቅጂ መብት ከሰሱ። የዓለም ትላልቅ አሳታሚዎች በአንድ ወገን፣ ሁለት ሦስት ማሽን ያለው ሱቅ በሌላ ወገን። ተማሪዎችና መምህራን ከሱቁ ጎን ቆሙ። በ2016 የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለትምህርት ሲባል የሚደረግ ቅጂ በሕንድ ሕግ የተፈቀደ ነው ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገ። የዩኒቨርሲቲ ሰፈር ሱቅ ትምህርቱን የሚሸከም አንድ አካል መሆኑን ከዚህ ውሳኔ በላይ በግልጽ ያስቀመጠ አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሰፈር ሲሠራ

ሌላኛው መንገድ ዩኒቨርሲቲው ጎረቤቱን መግዛት ነው። የአሜሪካ ታሪክ በዚህ የተሞላ ነው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ሞርኒንግሳይድ በሚባለው የሕዝብ ፓርክ ላይ ጂምናዚየም ሊሠራ ተነሳ። ፓርኩ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ከላይ ዩኒቨርሲቲው፣ ከታች ሃርለም። በፕላኑ ላይ ተማሪው ከላይ በር ይገባል፣ የሃርለም ነዋሪ ከታች በር። አብዛኛው ጥቁር የሆነው ሕዝብ የታችኛው በር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም። በ1968 ተማሪዎች ሕንፃዎችን ሲይዙ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ጂምናዚየሙ ቀረ።

ፊላደልፊያ ያለው የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሁለቱንም መንገድ ሞክሯል። በ1960ዎቹ ዩኒቨርሲቲውና አጋሮቹ በከተማ ማደስ ስም ጥቁሮች የሚኖሩበትን ብላክ ቦተም የሚባል ሰፈር አስነሱ። ቂሙ ለትውልድ ዘለቀ። ዙሪያው ሲደኸይና ወንጀል ሲበዛ፣ ጁዲት ሮዲን በፕሬዚደንትነት በቆዩበት ከ1994 እስከ 2004 ባለው ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ሌላ መንገድ ያዘ። ሠራተኞቹ እዚያው ሰፈር ቤት እንዲገዙ ድጎማ ሰጠ፣ መንገዱን አጸዳ፣ መብራት አስገጠመ፣ ሱቅ አስከፈተ። በ2001 ከከተማው ጋር ሆኖ ጥሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ፔን አሌክሳንደር ይባላል።

ትምህርት ቤቱ ጥሩ ሆነ። ከመጠን በላይ ጥሩ ሆነ ማለት ይቻላል። በ2013 ጃንዋሪ ወላጆች ልጆቻቸውን መዋዕለ ሕፃናት ለማስመዝገብ ምዝገባው ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት በብርድ ውጪ ተሰለፉ። ወንበር ይዘው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ተራ እየተያያዙ። አስተዳደሩ ሰልፉን ሲያይ ዕጣ ይሁን አለ። በትምህርት ቤቱ ክልል ውስጥ ያለ ቤት ዋጋው ሰማይ ነካ። ሰፈሩ ዳነ፣ ብዙዎቹ የቀድሞ ነዋሪዎች ግን በዳነው ሰፈር ለመኖር አቅም አጡ። ዩኒቨርሲቲ ሲተወውም ሲንከባከበውም ሰፈሩ ይለወጣል። ምንም እንዳይነካው ማድረግ አይቻልም።

የግብር ጉዳይም እዚህ ይገባል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት በሚጠቀምበት ንብረት ላይ የንብረት ግብር አይከፍልም። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ትንሽ ከተማ ውስጥ ሲሆን ከከተማው መሬት ትልቁ ክፍል ከግብር ውጪ ነው ማለት ነው። ኒው ሄቨን ውስጥ ያለው የል ዩኒቨርሲቲ በ2021 ለስድስት ዓመት በድምሩ 135 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለከተማው በፈቃዱ ሊከፍል ተስማማ። ቁልፉ ቃል በፈቃዱ የሚለው ነው። ሌላው ነዋሪ ግብሩን በፈቃዱ አይከፍልም።

ከሁሉም የተለየው የቤልጂየሟ ሉቫን-ላ-ኔቭ ናት። በ1968 የሉቨን ዩኒቨርሲቲ በቋንቋ ጠብ ለሁለት ተከፈለ። ፍሌሚሾቹ ከተማችን ውስጥ ያለው የፈረንሳይኛው ክፍል ይውጣ አሉ። የወጣው ክፍል የእርሻ መሬት ገዝቶ ከዜሮ ከተማ ሠራ። የመሠረት ድንጋዩ በ1971 ተጣለ፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በ1972 ገቡ። መኪናው ከምድር በታች ይሄዳል፣ ሰው ከላይ። ዋናው ነገር ግን መሬቱ ነው። መሬቱ የዩኒቨርሲቲው ሆኖ፣ ለሚሠራው ሰው በረጅም ሊዝ ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲው ስለ ተማሪ ብቻ ሳይሆን ስለ ከተማ እንዲያስብ የተገደደበት ቦታ ነው። ጎረቤት የለኝም ማለት አይችልም፤ ጎረቤቱን ያመጣው ራሱ ነዋ።

ቁጥሩን ማሰር

እንግዲህ ሰፈሮች ምን አደረጉ? በርክሌይ ካሊፎርኒያ ነዋሪዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሲጨምር በአካባቢው ላይ የሚያመጣውን ጫና በወጉ አላጠናም አሉ። በማርች 2022 የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተማሪ ቅበላ እንዳይጨምር የታዘዘውን እግድ አላነሳም አለ። የሕግ አውጪው በቀናት ውስጥ ሕግ አሻሽሎ እግዱን ውጤት አልባ አደረገው። በ2023 ደግሞ አንድ የይግባኝ ችሎት ፒፕልስ ፓርክ በሚባለው ቦታ ሊሠራ የታቀደው የተማሪ ማደሪያ የሚያመጣው የተማሪ ጩኸት እንደ አካባቢ ጉዳት መጠናት ነበረበት አለ። ሕግ አውጪው እንደገና ሕግ አወጣ፤ የነዋሪ ድምፅ በመኖሪያ ቤት ግንባታ ላይ እንደ ብክለት አይቆጠርም። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለዩኒቨርሲቲው ፈረደ። እዚህ ላይ ነዋሪዎቹን አልደግፍም። ተማሪ ስትቀበል አልጋ አዘጋጅ ማለት አንድ ነገር ነው። አልጋ ሊሠራ ሲል ጩኸት ነው ብሎ ማገድ ደግሞ ራስን መቃረን ነው፤ ተማሪው መኝታ ስላጣ ጎዳናው ላይ ካለው ቤት ውስጥ አይጠፋም።

የተሻለው መንገድ ሁለቱን ቁጥሮች ማስተሳሰር ይመስለኛል። የኦክስፎርድ ከተማ ምክር ቤት ይህን በፕላኑ ውስጥ አስገባ። በ2011 በጸደቀው ፕላን፣ ከተማው ውስጥ ካሉት ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዱ ራሱ ከሚያዘጋጀው ማደሪያ ውጪ የሚኖሩ ተማሪዎቹ ከ3,000 እንዳይበልጡ ተባለ። ከበለጡ አዲስ የመማሪያ ሕንፃ ፈቃድ አያገኝም። ላቦራቶሪ ሲፈልግ ስለ አልጋ ይጠየቃል ማለት ነው። በሳንታ ክሩዝ ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2008 በተደረሰ ስምምነት ዩኒቨርሲቲው ከተወሰነ ቁጥር በላይ ከሚጨምራቸው ተማሪዎች 67 በመቶ ለሚሆኑት ማደሪያ ሊያዘጋጅ ተስማማ።

ሁለቱም ፍጹም አይደሉም። ተማሪ ማን ነው የሚለው ራሱ ያከራክራል፤ ከወላጆቹ ቤት የሚመላለስ፣ ማታ የሚማር ሠራተኛ፣ ከትዳር አጋሩ ጋር የሚኖር የዶክትሬት ተማሪ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር? ቆጠራውን የሚያካሂደው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቆጠርበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሆኖም አንድ ሰፈር በስብሰባ ላይ ሊጠይቅ የሚችለው ምርጥ ጥያቄ ስለ ጩኸት ሰዓት አይደለም። ዘንድሮ ስንት ተቀበላችሁ፣ ስንት አልጋ አላችሁ፣ የሚቀጥለው ዓመትስ ሁለቱም ስንት ይሆናሉ የሚለው ነው። ቁጥሮቹ ሬጅስትራሩ ቢሮ ወይም የተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ ውስጥ፣ ትምህርት ከመከፈቱ ከወራት በፊት ይታወቃሉ።